ከደሴ አዲስ አበባ፣ በለንደን በኩል

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ካስተላለፈው ፕሮግራም የበለጠ ጉልበት የነበረው ፕሮግራም በአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ አላውቅም። ዕለቱ ዘመን መለወጫ ነው። ሰው ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ ውለው ደክመው የገቡበት ምሽት። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሲከፍት ግን የጠበቀው ዘፈን አልነበረም። ወሎ ነበር። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት፣ ልጅ ታቅፈው የተቀመጡ እናቶች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አስከሬን። በመሃል በመሃሉ ደግሞ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይገባል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ይታያል። በማግስቱ ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ።

ታሪኩን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ስለ ንጉሡ ወይም ስለ ደርግ ነው። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ጣቢያው ነው። በሙያዬ ሶፍትዌር ገንቢ ነኝ፤ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ ነው። ስለዚህ ፊልም ሳይ የሚቀናኝ ጥያቄ ሌሎች ሐያሲዎች የሚጠይቁት አይደለም። መረጃው ከየት ተነሳ? በየት በየት አለፈ? ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀበት? መሃል ላይ ማን ነካው? ሥራ ቦታ አንድ ሲስተም ሲበላሽ እነዚህን እንጠይቃለን። ለቴሌቪዥንም ይሠራሉ።

እስቲ እንከተለው። ፊልሙን ያነሳው የእንግሊዙ ቴምስ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢና ባልደረቦቹ ናቸው። ለንደን ላይ የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 18፣ 1973) ነው። እንግሊዞች አይተው አለቀሱ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ዓለም ስለ ወሎ አወቀ። አዲስ አበባ የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ 328 ቀን ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። ምስሉ ግን በለንደን ዞሮ፣ እዚያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የገባው። የሰፈሬ ኢንተርኔት እንኳን እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም፤ ይህን የምለው ደግሞ ስለ ሰፈሬ ኢንተርኔት ጥሩ ነገር ለመናገር አይደለም።

በዚህ መሃል ስንት ሰው ሞተ? ግምቶቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳሉ። የግምቱ ስፋት ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ የሚቆጥር አልነበረም።

አሁን ወደ ጣቢያው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተቋቋመው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቶምሰን በሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ። ስቱዲዮው የነበረው ፒያሳ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። ጥቁርና ነጭ። ማታ ማታ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ። ሞገዱ የሚደርሰው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነበር። ይሄ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ስሙ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቢሆንም በተግባር የአንድ ከተማ ጣቢያ ነበር። በማዘጋጃ ቤት ውስጥ መቀመጡ ራሱ ይገጥመዋል፤ ውሃና ፍሳሽን፣ የመንገድ መብራትን የሚያስተዳድረው ቤት ውስጥ፣ ለከተማው ሰው ምስል የሚያከፋፍል አንድ ክፍል።

ይህን ስናውቅ የ1967ቱ ስርጭት ሌላ መልክ ይይዛል። «ሕዝቡ ፊልሙን አይቶ ተቆጣ» ሲባል እሰማለሁ። የትኛው ሕዝብ? ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ጥቂት ነበር። ሹማምንት፣ መኮንኖች፣ ነጋዴዎች፣ ደህና ደመወዝ ያለው ሠራተኛ፣ እና የነሱ ጎረቤት። ንጉሡም እንዲመለከቱ ተነግሯቸው እንደነበር በተደጋጋሚ ተጽፏል። ብዙኃን መገናኛ እንላለን እንጂ የዚያ ምሽት ስርጭት የተላከው ለጥቂቶች ነው። ጉልበቱም እዚያ ላይ ይመስለኛል። ንጉሡ ሲወርዱ «ለምን?» ብሎ ሊነሳ የሚችለው ሰው በአብዛኛው ቴሌቪዥን የነበረው ሰው ነው። በማግስቱ አልተነሳም። ወሎ ያለው ገበሬ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ፣ ስለ ራሱ የተላለፈውን ማየት አይችልም ነበር፤ ሞገዱ አይደርሰውም።

ፊልሙ ራሱስ? ዲምብልቢ ለንደን ላይ ያሳየው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ የታየው ሌላ። እዚህ የታየው እንደገና ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ የረሃቡ ምስል ከግብዣው ምስል ጋር ተጋምዶ። የዛሬ ልጆች ኤዲት የምንለው ያኔ የእጅ ሥራ ነበር። ፊልሙን በመቁረጫ ትቆርጣለህ፣ በማጣበቂያ ትቀጥላለህ። አንድ ሰው፣ ምናልባት ሁለት፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ረሃብ፣ ግብዣ፣ ረሃብ፣ ውሻ እያሉ ቀጠሉት።

እያንዳንዱ ቁራጭ እውነት ነው። ረሃቡ ነበረ፤ ግብዣውም ነበረ፤ ውሾቹም ነበሩ። ውሸት ካለ ያለው ማጣበቂያው ላይ ነው። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ይሄ ሲሞት ያ ይበላ ነበር» ይላሉ፤ በዚያችው ደቂቃ። ግብዣው ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ምክንያት የተቀረጸ ነው። ታዲያ ፊልሙ ዋሸ? እኔ አልልም። መንግሥት ረሃቡን ደብቋል፤ ይህ ፍርድ ትክክል ነው፣ ያ አቀራረብም በሁለት ምስል የተናገረው ይህንኑ ነው። ማጣበቂያው ቀኑን ቢያዛባም ክሱን አላዛባም። እንደ ክስ ካየነው በአማርኛ ከተሠሩት ሁሉ የተሳካ የፖለቲካ ቅንብር ነው።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ተከሳሽ ጠፍቷል፤ ጣቢያው ራሱ።

በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው፣ ያዩትን ፎቶ አንስተው መጥተው፣ ግቢ ውስጥ ለእይታ አቅርበው ነበር። ተማሪው አይቶ ተነሳ፤ ፖሊስ መጣ። ይህ የሆነው ዲምብልቢ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ማለትም ምስሉ ከተማው ውስጥ ነበር። ለንደን መሄድ አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰው ፎቶዎቹን በፖስታ አድርጎ ወደ ፒያሳ ይዞ መውረድ ብቻ ነበር የቀረው፤ ካሜራው ፊት አንድ በአንድ ማስቀመጥ። አልሆነም። ሊሆንም አይችልም ነበር፣ አውቃለሁ፤ ጣቢያው የመንግሥት ነው፣ የሚሠሩትም ሰዎች ልጆች ያሏቸው ደመወዝተኞች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ግን ያ ጣቢያ ከዓመት ተኩል ዝምታ በኋላ በአንድ ማታ ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ሲነሳ፣ የራሱን ዝምታ ከክሱ ቆርጦ አውጥቶታል። መሬት ላይ የወደቀው ቁራጭ እሱ ነው።

ሌላም አለ። የወሎ ሰዎች በዚያ ፊልም ውስጥ ማስረጃ ናቸው እንጂ ምስክር አይደሉም። ሌላ ሰው በላያቸው ላይ ይናገራል። መጀመሪያ እንግሊዛዊ፣ ቀጥሎ ደርግ። «ከብቶቼ የሞቱት በዚህ ወር ነው፣ ግብር ሰብሳቢው ግን በዚያ ወር መጣ» የሚል ገበሬ ብናይ ኖሮ ክሱ ወደ ቤተ መንግሥቱ ብቻ አይሄድም ነበር፤ ባለርስቱን፣ ወረዳውን፣ ጠቅላይ ግዛቱን እየነካካ ነበር የሚወጣው። ለዚያ ግን ማይክ መስጠት ያስፈልጋል። ውሻና ሥጋ ይቀላል።

መኮንኖቹ ከዚያ ማታ የተማሩት ትምህርት ምን እንደነበር ለማየት 10 ዓመት መጠበቅ በቂ ነው።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ተከበረ፤ ኢሠፓም ተመሠረተ። ጣቢያው ለዚህ በዓል በቋሚነት ባለ ቀለም ሆነ። ሞገዱም በ1957 እንደነበረው አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃ አልነበረም። የቀለም ቴሌቪዥናችን የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ቀይ ነበር፤ ቀይ ባንዲራ፣ ቀይ መፈክር፣ ጥቁር አንበሳ ጋ የቆመው የትግላችን ሐውልት ላይ ያለው ቀይ ኮከብ። በጥቁርና ነጭ ቢተላለፍ ግማሽ ትርጉሙን ያጣ ነበር፤ ለቴክኖሎጂው ተስማሚ ይዘት መርጠዋል፣ ይህን መካድ አይቻልም።

በዚያው ሰሞን ሰሜኑ እንደገና እየሞተ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ገና መጋቢት 1976 ላይ ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር። ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ ከአገር ወጥተው በጻፉት መጽሐፍ መንግሥት ከረሃቡ ይልቅ በዓሉን እንዳስቀደመ በዝርዝር ተርከዋል። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን የሚሄዱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጹት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ዘፈኑ፣ ኮንሰርቱ፣ እስከ ዛሬ ውጭ አገር ስንሄድ «ኢትዮጵያ» ስንል ፊታቸው ላይ የሚመጣው ነገር። በዚያ ረሃብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል።

መንገዱን ስታዩት ያው ነው። ከወሎ ተነሳ፣ በለንደን ዞረ። ለውጡ ምስሉን የሚከለክለው አካል ላይ ነው። በ1967 ረሃብን ያህል ምስል በአንድ ማታ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከደርግ የተሻለ የሚያውቅ በምድር ላይ አልነበረም፤ ራሱ አድርጎታል። ስለዚህ ለ10ኛው ዓመት በዓል ያንን ምስል ስክሪኑ ላይ ያላወጣው ከድንቁርና አይመስለኝም። የመሣሪያውን ጉልበት ስለሚያውቅ ነው። መሣሪያው ተሻሻለ፣ ቀለም ገባለት፣ ሞገዱ ሰፋ፤ ሌንሱ ግን ፒያሳ ላይ እንደቆመ ቀረ። ጣቢያው የአገር ሆነ ሲባል የሰፋው የሚደርስበት ቦታ ነው፤ የሚያይበት ቦታ አልሰፋም።

እዚህ ላይ ስለ አባባ ተስፋዬ ካልተናገርኩ ፍትሐዊ አልሆንም። ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው ጣቢያ ለልጆች ተረት አውርተዋል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ እሳቸው ያው ከልጆች ጋር ተቀምጠው «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሉ ነበር። ጣቢያው ከተመልካቹ ጋር የነበረው እውነተኛ ዝምድና እሱ ይመስለኛል። በዜናው የማያምን ቤተሰብ ልጁን ለእሳቸው አምኖ ያስቀምጥ ነበር። ጥንቸልና ጅብ ላይ ሳንሱር ከባድ ነው መሰለኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ጣቢያው መቀሱን አስቀምጧል። በ1997 ምርጫ ዘመቻ የፓርቲዎች ክርክር በቀጥታ ተላለፈ። እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ብሆን ነው። የክርክሩን ነገር አልገባኝም፤ ቤታችን ውስጥ የሆነው ግን ይታወሰኛል። አባቴ ለኳስ እንኳን የማያደርገውን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎረቤት ገብቶ፣ እናቴ ቡናውን እያፈላች አንገቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ፣ እኛን «ዝም በሉ!» እየተባልን። አንድ ባለሥልጣን መልስ አጥቶ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ትልልቆቹ ሰዎች እርስ በርስ የተያዩት አስተያየት አሁንም ፊቴ ላይ አለ።

በአቀራረብ ደረጃ ስታዩት ደረቅ ነገር ነው። ጠረጴዛ፣ ማይክ፣ ውሃ፣ ሰዓት ጠባቂ። ካሜራው ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ ከመሄድ ያለፈ አንዳች ብልሃት የለውም። ለእኔ ግን ጣቢያው ከሠራቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል። በቀጥታ ስርጭት ማጣበቂያ የለም። የተናገረው ሰውና የመለሰው ሰው በእርግጥ በዚያችው ደቂቃ እዚያው ነበሩ። የ1967ቱ ፊልም ያስመሰለውን ነገር ይሄ አደረገው፤ ሁለት ሰውን ፊት ለፊት አስቀመጠ። ከምርጫው በኋላ የሆነው ሆነ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ያ ድፍረት አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ቀስ እያለ ወጣ። ዲሽ ተተከለ፣ ኢቢኤስ መጣ፣ ኢሳት ከውጭ ገባ፤ ሞገዱ ሲታፈን ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ሲያዞር ይውል ነበር። በ2008 ቃና የቱርክን ድራማ በአማርኛ አናገረው፣ የአገር ውስጥ አርቲስቶች ተቆጡ፣ ተመልካቹ ግን ሄደ። ኢቲቪ በ2006 ስሙን ኢቢሲ አድርጎ ነበር፤ ሰው ኢቲቪ ማለቱን አልተወም። በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም።

የቆየው ጉዳይ ግን መንገዱ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የእኛ ትውልድ በኪሱ ካሜራ ይዞ የሚዞር ትውልድ ነው፤ ማንም ሰው ጣቢያ ነው እንባባል ነበር። ለሳምንታት ያየነው ግን ምን ነበር? ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ሐምዳይት የገቡ ስደተኞችን፣ በውጭ ጋዜጠኞች ካሜራ። እንደገና በውጭ ዞሮ። እኔ በሙያዬ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መረጃው አይጠፋም፣ ወረፋ ይይዛል። መስመሩ ሲከፈት ተግተልትሎ ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ ማንኛውም ወገን መቁረጫና ማጣበቂያ ይዞ ይጠብቀዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተደረገውን ሁላችንም አይተናል። የአንዱን ጦር ሜዳ አስከሬን ከሌላው ግብዣ ጋር ማጋመድ አሁን መኮንን መሆን አይጠይቅም፤ ስልክ ብቻ በቂ ነው። ረሃብ፣ ግብዣ፣ ረሃብ፣ ውሻ። ቀመሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ወጥቶ የሁላችን ሆነ።

ለዚህ ነው ያ የ1967ቱ ቅንብር ሙሉውን፣ በጥሩ ጥራት፣ ማንም ሰው አቁሞ እያየ እንዲመረምረው የምፈልገው። ዲምብልቢ ለንደን ላይ ካሳየው ጎን ለጎን ተቀምጦ፤ የቱ ጋ ተቆረጠ፣ የቱ ጋ ምን ተጨመረ፣ ስንት ሰከንድ። ከጎኑ የመስከረም 1977ቱ ሰልፍ፤ ከጎኑ የ1997ቱ ክርክር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ደቂቃ ሳትጎድል። የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ የታሪክ ተማሪ፣ በቲክቶክ ቪዲዮ የሚቀጣጥለውም ልጅ ይየው። ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ የተሠራው በግብርና በቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነው፤ አባቴ ያንን ክፍያ ከፍሎ ደረሰኙን እንደ ርስት ማስረጃ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር።

የፊልም ጥቅል ደግሞ አይጠብቅም። አሲቴት ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ሲበሰብስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ከዚያ ይኮማተራል፣ ይሰባበራል። የቪዲዮ ቴፑም መግነጢሱ ይላላል፣ ማጫወቻ ማሽኑም መለዋወጫ ያጣል። ሥራው ራሱ ግን ከባድ አይደለም። የ16 ሚሊ ሜትር ስካነር ገበያ ላይ አለ። የማከማቻ ዋጋ ከድሮው በጣም ረክሷል። በቀንና በቦታ የሚፈለግበትን ድረ ገጽ ሁለት ሦስት ሆነን በጥቂት ወራት እንሠራዋለን፤ የእኔን ድርሻ ኮድ በነፃ እጽፋለሁ።